መቀመጫ ቁጥር አንድ መቶ አሥራ አራት

የምክር ቤቱ መዝገብ ቤት በር ላይ የቆመችው ጸሐፊ ማን እንደሆንኩ ሳትጠይቀኝ «ዘግይተሻል፤ ግቢ፣ ግቢ!» ብላ ክንዴን ይዛ አስገባችኝ። ልናገር አፌን ስከፍት «በኋላ ትነግሪኛለሽ» አለችና አንድ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠችኝ። ክፍሉ ውስጥ አራት ሴቶችና አንድ ወንድ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ። ግድግዳው ላይ «የጽሕፈት ሠራተኛ ፈተና። መነጋገር ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። መነጋገር ክልክል ስለሆነ ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ባይከለከልም ዝም እል ነበር።

ሥራው ቀላል ነበር። በግራዬ በእርሳስ የተሞላ ትልቅ ወረቀት አለ። የአዳራሹ ወንበሮች በየረድፋቸው እንደ ሳጥን ተስለውበታል፤ በየሳጥኑ ውስጥ የወንበሩ ቁጥር፣ ከቁጥሩ አጠገብ ደግሞ «ደ» ወይም «ተ»፣ ሰው ያልነበረበት ላይ ሰረዝ። በቀኜ የአባላቱ ስም ዝርዝር አለ፤ ከእያንዳንዱ ስም ፊት የተመደበለት ወንበር ቁጥር ተጽፏል። ከእኔ የሚፈለገው ከወንበር ወደ ስም ማዛወር ብቻ ነው። አንደኛው ወንበር «ደ» ካለ፣ አንደኛው ወንበር የማን እንደሆነ አይቼ ከስሙ ፊት «ደግፈዋል» ብዬ እጽፋለሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጨረስኩ። ስለምሠራው ነገር ምንም አላሰብኩም። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ማን ያስባል?

ወረቀቱን የሰበሰቡት የመዝገብ ቤቱ ሹም ናቸው፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ። የእኔን ሁለት ጊዜ አዩት።

«አንድ ስሕተት የለበትም። የት ነበር የምትሠሪው?»

«ጋዜጣ ላይ።»

«ለምን ለቀቅሽ ታዲያ?»

«አልለቀቅኩም። እኔ… የመጣሁት መዝገብ ለማየት ነበር።»

ሹሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «ለፈተና አይደለም?»

«አይደለም።»

«አፍ የለሽም እንዴ ልጄ?»

«አለኝ።»

«እንኳን ፍርድ ቤት አልገባሽ! እዚያ ብትገቢ ተፈርዶብሽ ነበር የምትወጪው» አሉና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጸሐፊዋም ሳቀች። እኔም ትንሽ ሳቅሁ። በዚያ ሳቅ ምክንያት ሹሙ ወዳጄ ሆኑ፤ ለሌላ ሰው በሁለት ሳምንት የማይወጣው መዝገብ ለእኔ በዚያው ቀን ወጣልኝ።

የሄድኩበት ጉዳይ እንዲህ ነው። የምሠራበት ጋዜጣ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ የሚወጣ የወረዳችን ጋዜጣ ነው። ሠራተኞቹ አዘጋጁ፣ አታሚውና እኔ ነን። አዘጋጁን ሰው ሁሉ «ጋሽ አራት ነጥብ» ይላቸዋል፤ ነገርን ሳይዘጉ ስለማያድሩ። ምርጫው ሊደርስ አምስት ሳምንት ሲቀረው ጠሩኝና የተመራጫችንን የድምፅ አሰጣጥ ከሕዝቡ ሐሳብ ጋር እንዳስተያይ አዘዙኝ። በአምስት ዓመቱ የሥራ ዘመን ለድምፅ ከቀረቡት ሕጎች ውስጥ ወረዳችንን የሚነኩትን መለየት፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ተመራጯ እንዴት እጅ እንዳወጣች በአንድ ወገን፣ የየሰፈሩ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሚለውን በሌላ ወገን ጎን ለጎን ማስቀመጥ።

«ጋሼ፣ ተመራጯ እኮ አክስቴ ናት» አልኳቸው።

«መች ጠፋኝ? ባለፈው ምርጫ ተወዳድሬያት ተሸንፌያለሁ። እኔ ብሠራው ቂም ነው ይባላል። አታሚው ቁጥር ሲያይ ራሱን ያመዋል። ማን ቀረ?»

«ዘመድ ለዘመድ ሠራች አይባልም?»

«ይባላል እንጂ! እኛ ቀድመን እንለዋለን። ከሥሩ ‹ይህን ያዘጋጀችው የተመራጯ የእህት ልጅ ናት› ብለሽ ትጽፊያለሽ። አራት ነጥብ።»

አክስቴ፣ እናታችን ከሞተች ጀምሮ እኔንና እህቴን ያሳደገች ናት። ሃያ ዓመት ትምህርት ቤት አስተዳድራለች፤ ዛሬም ሰው «ዳይሬክተሯ» ነው የሚላት። ምክር ቤት ከገባች ወዲህ ሰኞ ሄዳ ዓርብ ትመለሳለች። ሁልጊዜ አንገቷ ላይ ሻርፕ አለ፤ አንገቷን ያማታል። እህቴ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ምጥ ሲይዛት የወረዳችን ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ተዘግቶ ነበር። የዘጋው ማዋለጃዎችን በትልልቅ ከተሞች የሚያጠቃልል አዲስ ሕግ ነው። ሰባ ኪሎ ሜትር ተጉዘን ልናደርሳት ስንሞክር ልጁ መንገድ ላይ ተወለደ። አልተረፈም።

በሦስተኛው ቀን አክስቴ ከምክር ቤት መጥታ የእህቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እጇን ይዛ «እኔ ያን ሕግ ተቃውሜዋለሁ። ጥቂት ነበርን፤ አልቻልንም» አለቻት። እህቴ ከአልጋዋ በዚያ ቃል ተነሳች ብል ማጋነን አይደለም። ከዚያ ወዲህ አክስቴ በምትጠራው ስብሰባ ሁሉ እህቴ መድረክ ላይ ወጥታ ትናገራለች። ንግግሯ አጭር ነው። ስለ መንገዱ፣ ስለ ልጁ፤ መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እሷ ግን ተቃውማልኛለች።» ሰው ያለቅሳል። አክስቴም ታለቅሳለች።

መዝገቡን ሦስት ቀን ገለበጥኩት። ወረዳችንን የሚነኩ ሠላሳ አንድ ሕጎች አገኘሁ። የሥራ ዘመኑ የመጀመሪያው ትልቅ ሕግ የማዋለጃው ነበር። ጣቴን በስሞቹ ላይ ዝቅ እያደረግኩ የአክስቴን ስም ስደርስበት ከፊቱ «ደግፈዋል» ይላል።

መስመር ስቼ እንደሆነ ብዬ ማስመሪያ አስደግፌ እንደገና አየሁት። «ደግፈዋል።»

የቀሩትም አልተሻሉም። የአሸዋ ማውጫው ሕግ ወንዛችንን ይበላዋል ብሎ ወረዳው በሙሉ ፈርሞ ተቃውሞ ነበር፤ አክስቴ ደግፋለች። የአውቶቡስ መስመሩን የሚያሳጥረውን ደግፋለች። ለመምህራን ቤት የሚሰጠውን፣ እሷ ራሷ በየቤቱ እየዞረች ያስፈረመችበትን፣ ተቃውማለች። ከሠላሳ አንዱ ከወረዳው ጋር የገጠመው ዘጠኝ ብቻ ነው። ሌሎቹ ያስደነግጣሉ፤ ከሁሉ የባሰብኝ ግን የመጀመሪያው ነው።

ለአዘጋጁ «ገና አልጨረስኩም» አልኳቸው። ለእህቴ ምንም አላልኩም። ተጠራጣሪ ሰው ምን ዓይነት ኑሮ እንደሚኖር የተማርኩት በዚያ ሳምንት ነው። ዓርብ አክስቴ መጣች፤ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ «የኔ እናት፣ ከስተሻል» ብላ ሳመችኝ። ድሮ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን «ለምን ዛሬ?» ብዬ አሰብኩ። ስልክ ሲደወልላት ወደ በረንዳ ወጣች። ሁልጊዜም የምትወጣው በረንዳ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ስልክ አይሰማም። ቢሆንም ከመስኮቱ አጠገብ ያለውን መደርደሪያ ማጽዳት ጀመርኩ። የሰማሁት ስለ ወንበር ኪራይና ስለ ድምፅ ማጉያ ነው። እሱም ቢሆን ተንኮል መሰለኝ።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለችኝ እህቴ ቅዳሜ ጠዋት፤ ለምርጫው የሚሰቀል ጨርቅ እየሰፋች ነበር። «አክስታችንን እንደ ሌባ ታያታለሽ።»

«ደክሞኝ ነው እታለም።»

«ደክሞሽ ከሆነ ተኚ። ዓይንሽን ግን ከሰው ላይ አንሺ።»

ከጊዜ በኋላ ሳስበው የሚገርመኝ፣ አክስቴን ለመክሰስ ስሰበስበው የነበረው ወረቀት መጀመሪያ የተከራከረው ለእሷ መሆኑ ነው። እሑድ ከሰዓት ሠንጠረዡን በንጹሕ ስገለብጥ አንድ ቀን ላይ እጄ ቆመ። የአሸዋ ማውጫው ሕግ ድምፅ የተሰጠበት ቀን ነው። ያን ቀን አውቀዋለሁ። አያታችን የተቀበረችበት ቀን ነው። አክስቴ ያን ቀን የእናቷን ሬሳ ስትሸኝ በግራ ክንዴ ደግፌያት ነበር። መዝገቡ ግን «ተገኝተዋል፤ ደግፈዋል» ይላል።

ተነስቼ ሳሎን ገባሁ። አክስቴ ጋዜጣ ታነባለች፣ እህቴ ቁልፍ ትተክላለች።

«እቴቴ፣ አያቴ የተቀበረች ዕለት ምክር ቤት ሄደሽ ነበር?»

«አበድሽ እንዴ? የእናቴን ሬሳ ጥዬ?»

«መዝገቡ ነበርሽ ይላል። የአሸዋውን ሕግ ደግፈሻል ይላል።»

«የአሸዋውን? እኔ?» ጋዜጣዋን አስቀመጠች። «ስንት ጊዜ ተነስቼ የተናገርኩበትን?»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። የማዋለጃውንም ጭምር። እህቴ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ቀና አለች። አክስቴ ጉልበቷን በእጇ መታች።

«ኮንትራክተሩ!»

ኮንትራክተሩ የጎረቤት ወረዳ ተመራጭ ነው፤ መንገድና ሕንፃ ሠሪ ነበር። አሸዋ ማውጣትን ቢደግፍ አይገርምም።

«አንገቴ እኮ ነው ጉዱ!» አለች አክስቴ። «ከወንበሬ በላይ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ አለ። ነፋሱ ማጅራቴ ላይ ይወርዳል። እሱ ደግሞ ወፍራም ነው፣ ‹እኔ ሞቆኝ ልሞት ነው፣ ነይ ተቀየሪኝ› አለኝ። ተለዋወጥን። እኔ እሱ ወንበር ላይ፣ እሱ እኔ ወንበር ላይ! እነዚያ ቆጣሪዎች ደግሞ ወንበር እያዩ ነው የሚሞሉት…»

ያኔ የፈተናው ወረቀት ትዝ አለኝ። ሳጥኖቹ፣ ቁጥሮቹ። እኔው ራሴ በገዛ እጄ ከወንበር ወደ ስም አዛውሬ፣ «አንድ ስሕተት የለበትም» ተብዬ ተሞግሻለሁ።

«መቼ ነው የተለዋወጣ…»

«ገና እንደገባን!» አለች አክስቴ፣ ሳልጨርስ።

እህቴ ተነስታ ትከሻዬን በጨርቁ መታችኝ። እየሳቀች ነበር፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። «ሳምንቱን ሙሉ መርማሪ ፖሊስ ሆነሽ የከረምሽው ለዚህ ነው? ለነፋስ ቀዳዳ? ይቅርታ ጠይቂያት በይ!»

ይቅርታ ጠየቅኳት። አክስቴ «ሥራዋን ነው የሠራችው፣ ተያት» አለች። በዚያ ከሰዓት ከብዙ ጊዜ በኋላ ሦስታችንም አብረን ሳቅን። የኮንትራክተሩን ድምፅ በአክስቴ ስም፣ የአክስቴን በኮንትራክተሩ ስም አድርጌ ስገለብጠው ከሠላሳ አንዱ ሃያ ስምንቱ ከወረዳው ጋር ገጠመ። የማዋለጃውም ጭምር፤ ከኮንትራክተሩ ስም ፊት «ተቃውመዋል» ነበርና የሚለው።

በማግስቱ ለጋሽ አራት ነጥብ ሳሳያቸው ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት።

«መቼ ነው ወንበር የተለዋወጡት?»

«ገና እንደገቡ።»

«ማን አለ?»

«እሷ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«እንግዲያው ገና ነጠላ ሰረዝ ላይ ነን ማለት ነው» አሉ። «ይህን ካተምን ምክር ቤቱ አምስት ዓመት ሙሉ ተሳስቷል እያልን ነው። የምክር ቤቱ ማኅተም ያለበት ወረቀት አምጪልኝ።»

አውቶቡስ ውስጥ ሦስት ሰዓት ተቀምጬ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለምን ጥያቄዬን አላስጨረሰችኝም? ምናልባት ደስ ብሏት ነው። ሰው ደስ ሲለው ይቸኩላል። ደግሞ ሌላው ሐሳቤ «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ይለኝ ነበር። በራሴ አፈርኩ። ይቅርታ ጠይቄ ገና አንድ ቀን አልሞላኝም።

«ዛሬስ የምን ፈተና ልትወስጂ መጣሽ?» አሉኝ ሹሙ።

ነገሩን ስነግራቸው ሳቃቸው ጠፋ። ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ።

«እኛ ወንበር እንጂ ፊት አንቆጥርም» አሉ ቀስ ብለው። «እጅ ሲወጣ ቆጣሪው ሁለት ደቂቃ ነው ያለው። ቀና ብሎ ፊት የሚያይበት ጊዜ የለውም፤ ቁጥር አይቶ ይሞላል። አባላቱም ወንበር እንዳይቀይሩ ተነግሯቸዋል። በጽሑፍ።» ከዚያ ከረድፉ ሥዕል ላይ የአክስቴን ወንበር፣ 114ን ፈለጉ። «ይህ ቀዳዳ! ይህንን ቀዳዳ አውቀዋለሁ። ካለፈው ዘመን ጀምሮ ስሞታ ነበረበት። ስሞታ ካለ ደግሞ ወረቀት አለ።»

የጥገና ክፍል ፋይል ከምድር ቤት ነው የመጣው፤ አቧራው ሁለታችንንም አስነጠሰን። ሹሙ እየገለበጡ «የተሰበረ እጀታ… የሚጮህ በር… የሚጮህ አባል ግን አይጠገንም…» እያሉ ይቀልዳሉ። ከዚያ ዝም ብለው አንድ ወረቀት አወጡና ሰጡኝ።

የአክስቴን ጽሕፈት ገና ከሩቅ አውቀዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በእሱ ነው። «ለሕንፃ ጥገና ክፍል» ይላል። «ምክር ቤቱ ሥራ ከጀመረበት ቀን አንስቶ እስከ ዛሬ ድረስ በተመደበልኝ መቀመጫ ቁጥር 114 ላይ ተቀምጬ ከበላዬ ባለው ቀዳዳ በሚወርደው ነፋስ ስሠቃይ ቆይቻለሁ…» ከሥሩ በሌላ ሰው ጽሕፈት «ቀዳዳውን መዝጋት አልተቻለም። አባሏ ከነገ ጀምሮ ከመቀመጫ 115 ጋር ለመለዋወጥ ተስማምተዋል» የሚል አለ። ፊርማና ቀን።

ቀኑን አየሁት። ቦርሳዬን ከፍቼ ሠንጠረዤን አወጣሁ፣ አስተያየሁት። የማዋለጃው ሕግ ድምፅ የተሰጠው ከደብዳቤው አምስት ሳምንት ቀድሞ ነበር። ሌሎቹ ሠላሳ ሕጎች በሙሉ ከደብዳቤው በኋላ ናቸው።

ሠላሳው መዝገብ ስሕተት ነው። አንዱ ትክክል ነው።

«የፈለግሽውን አገኘሽ?» አሉኝ ሹሙ።

«አገኘሁ።»

«ፊትሽ ግን አላገኘሁም ይላል።» ግልባጩ ላይ ማኅተም መቱልኝና ደግመው ምንም አልጠየቁኝም።

አክስቴ በዚያ ሳምንት ለቅስቀሳው ብላ ምክር ቤት የሄደችው ረቡዕ ነው፤ ማክሰኞ ያገኘኋት ለምርጫ ቅስቀሳ በተከራየችው የቀድሞ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ ነው። ብቻዋን ነበረች። ባዶ መደርደሪያዎቹ ላይ የራሷ ፎቶ ተደርድሯል፤ ወለሉ ላይ ለቅዳሜው ስብሰባ የተዘጋጀ ትልቅ ጨርቅ ተዘርግቷል። ደብዳቤውን ሰጠኋት። መነጽሯን ስላልያዘች ከፊቷ አርቃ አነበበችው። ሁለተኛ ጊዜ አላነበበችውም።

«ጽሕፈቴ ድሮ ያምር ነበር» አለች።

ጠበቅኋት። ዝም ማለት እኔ የምችለው ነገር ነው።

«አዲስ ነበርኩ» አለች በመጨረሻ። «‹ሕጉን ደግፉ፣ መንገዳችሁን አስፋልት እናደርገዋለን፣ ሰባው ኪሎ ሜትር አርባ ደቂቃ ይሆናል› አሉን። ኮንትራክተሩ ‹እኔ መንገድ ሠሪ ነኝ፤ በአርባ ደቂቃ የሚያስኬድ መንገድ በአምስት ዓመት አያልቅም› ብሎ ሳቀብን። እሱ ተቃወመ። እኔ እጄን አወጣሁ።»

«መዝገቡ እንደተሳሳተ ታውቂ ነበር?»

«ከየት አውቄ? ማን ያየዋል ብዬ? አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አላየውም።»

«እሑድ ግን ‹ገና እንደገባን› አልሽኝ።»

«አልኩ።» ሻርፗን አጠበቀች። «አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ምን ልበላት ነበር? አንቺ ብትሆኚ ምን ትያት ነበር?»

ደብዳቤውን ከእጇ ተቀብዬ አጠፍኩት።

«ሃያ ሰባቱ ይመሰክርልኛል» አለች። «ለዚህ ወረዳ ያልጮኽኩበት ቀን የለም፤ አንቺው ቆጥረሽዋል። አንዷን ተዪልኝ። እባክሽ።»

«እቴቴ» አልኳት። ማሳደጓ፣ ማስተማሯ፣ ሁሉም ትዝ አለኝ። «እታለምን በየመድረኩ ባታወጫት ኖሮ፣ ምናልባት እተውልሽ ነበር።»

አክስቴ ወለሉ ላይ ያለውን ጨርቅ ማጠፍ ጀመረች። ሰፊ ስለነበር ለብቻዋ አልታጠፍ አላት። አንዱን ጫፍ ይዤ አገዝኳት። ጫፍና ጫፍ ስናገናኝ ፊት ለፊት ቆምን፤ ሁለታችንም ጨርቁን ነበር የምናየው።

ለእህቴ ከመታተሙ በፊት መንገር ነበረብኝ። የልብስ ስፌት ቤቷ ስገባ ነጭ የትምህርት ቤት ሸሚዝ እየሰፋች ነበር። ደብዳቤውን ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩላትና ቀኖቹን በጣቴ አሳየኋት። በፔዳሉ ላይ ያለው እግሯ አልቆመም። እጅጌውን እስከ መጨረሻው ሰፋችው፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ሌላ ሰው ያውቃል?»

«ጋሽ አራት ነጥብ ብቻ።»

«እሷስ?»

«ነግሬያታለሁ።»

«ምን አለች?»

ሁሉንም ነገርኳት፤ መንገዱን፣ አርባ ደቂቃውን፣ «አንዷን ተዪልኝ» ያለችውን። እህቴ ሸሚዙን ገልብጣ ስፌቱን መረመረች።

«በስንት መድረክ ላይ ወጣሁ?» አለችኝ። «አንቺ ቁጥር ትወጃለሽ።»

«አልቆጠርኩም።»

«እኔ ቆጥሬያለሁ። አሥራ አንድ።» ሌላ እጅጌ አነሳች። «አትሚው። ሂጂ አሁን፣ ሸሚዙን ዛሬ ይፈልጉታል።»

ጋዜጣው ሐሙስ ወጣ። ሠንጠረዡ ሦስተኛ ገጽ ላይ ነበር፤ ከሠላሳ አንድ ሃያ ሰባት። ስለ ወንበሩ ለውጥና ስለ መዝገቡ ስሕተት አንድ አንቀጽ ጻፍኩ፤ ደብዳቤውም ከነማኅተሙ ታትሟል። የማዋለጃው ረድፍ ከላይ የመጀመሪያው ነው፦ ወረዳው «ተቃወመ»፣ ተመራጯ «ደገፈች»። ከሁሉም በታች «ይህን ያዘጋጀችው የተመራጯ የእህት ልጅ ናት» ይላል። ጋሽ አራት ነጥብ በራሳቸው እጅ ነጥቦቹን አከሉበት።

ሰው ብዙ አላወራበትም። አንዳንዱ «ሃያ ሰባት ጥሩ ነው» አለ። አንዳንዱ «ዘመዷን ሸፈነች»፣ ሌላው ደግሞ «ዘመዷን ሸጠች» አለ። አክስቴ ዓርብ እንደወትሮዋ መጣች፣ ሻንጣዋን አስቀመጠች፣ ስለ ጋዜጣው ምንም አላለችም። እራት ላይ ጨው እንዳቀብላት ጠየቀችኝ፤ አቀበልኳት።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። እህቴ ቀድማ መጥታ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። አክስቴ ስለ አሸዋው፣ ስለ መምህራኑ ቤት፣ ስለ አውቶቡሱ ተናገረች፤ ተጨበጨበላት። ከዚያ እንደ ወትሮው ወደ ሦስተኛው ረድፍ ዘወር ብላ እጇን ዘረጋችና እህቴን ወደ መድረኩ ጠራቻት።

እህቴ ከወንበሯ አልተነሳችም። አክስቴ ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ ስብሰባው በሌላ ተናጋሪ ቀጠለ።